ሁለት ድምፅ

ሰሞኑን አራት ኪሎ፣ ሐውልቱ አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ ስድስት ወጣቶች ማኪያቷቸውን ይዘው ስለ አሜሪካ ምርጫ ይከራከራሉ። ፔንስልቬንያን እንደ ሰፈራቸው ነው የሚያውቋት። አላስቻለኝም፤ "የእናንተን ሰፈር ወክሎ ፓርላማ የገባው ማን ነው?" አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ "ፋዘር፣ የኔ አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች?" አለኝ። ፓርላማው ከዚያ ካፌ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው።

ወገኖቼ፣ ይቺን ንግግር ከአፋችን እናውጣት።

በፈረንጆቹ 1997 እንግሊዝ አገር፣ ዊንቸስተር የምትባል የምርጫ ክልል ነበረች። ወንበሩን የያዘው ጌሪ ማሎን የጤና ሚኒስትር ዴኤታ ነው። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ። ማሎን 26,098 አገኘ፤ ተፎካካሪው ማርክ ኦተን 26,100። በ2 ድምፅ ወንበሩን አጣ። ከአንድ ቤት ሦስት ደጋፊዎቹ ተጨምረው ቢወጡለት ኖሮ አሸናፊው እሱ ነበር። ማኅተም ስላላረፈባቸው ሳይቆጠሩ የቀሩ ወረቀቶች ነበሩና ፍርድ ቤት ሄደ፤ ምርጫው ተሰረዘ። በኅዳር ሲደገም ሕዝቡ ኦተንን በ21,556 ድምፅ ብልጫ መረጠው። ነገሩ በዚያ አለቀ።

የእኛም ሕግ ከዚህ አይርቅም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ይላል። ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም፤ አንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃዋል። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት እንደሚቻልም እዚያው ተጽፏል። ስሙን እንኳ የማናውቀውን ሰው እንዴት አድርገን ነው የምናነሳው?

"ቆጠራው አይታመንም" የምትሉ አላችሁ። አልፈርድባችሁም። በእኛው 97 የሆነውን ያየ ሰው ቢጠራጠር አይገርምም። ግን ማሎን ፍርድ ቤት ቆሞ የተሟገተው በእጅ የሚያዝ፣ የሚቆጠር ወረቀት ስለነበረ ነው። ቤቱ የተኛ ሰው ምን ይዞ ይሟገታል?

ሰኔ 14 ቀን 2013 ጎረቤታችን እማማ ጉልበታቸውን እያመማቸው ለመምረጥ ወጡ። ሰልፉ አላልቅ ብሎ ሰዓቱ እስከ ምሽቱ 3 ሲራዘም ዱካ አስመጥተው ተቀመጡና ተራቸውን ጠበቁ። ማታ ሲመለሱ ጣታቸው ላይ ያለውን ቀለም አሳዩኝ። ልጆቻቸው ግን ካርድም አላወጡ። ሦስት ናቸው።