የምስክር ወረቀት በር አይከፍትም

አንድ ጽሑፍ «የምስክር ወረቀት ያለው የልብስ ፋብሪካ ለሠራተኛ አስተማማኝ ነው» ይላል። አልስማማም። በፓኪስታን የካራቺው የልብስ ፋብሪካ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የኤስኤ 8000 (የሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ የሚመለከት ዓለም አቀፍ ደረጃ) ምስክር ወረቀት ካገኘ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ተቃጠለ። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ፣ መውጫዎቹ የተቆለፉ ነበሩና ከ250 በላይ ሰው አለቀ።

ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ቀን ከታወቀ ሁለተኛ፣ የሐሰት የሥራ ሰዓት መዝገብ ይዘጋጃል፤ ሠራተኛውም መልስ ያጠናል። ስለዚህ ሳያስታውቁ መሄድ ነው። የሰዓት መዝገቡን ከተሰበሩ መርፌዎች መዝገብ ጋር ማስተያየትም ያዋጣል፦ ስብርባሪው ልብስ ውስጥ እንዳይቀር መርፌ ሲሰበር ከነቀኑ ይጻፋል። እሑድ ሥራ ካልነበረ፣ እሑድ የተሰበረው መርፌ ከየት መጣ? ሠራተኞችን ደግሞ ከግቢ ውጭ፣ አለቃ በሌለበት ማነጋገር ያስፈልጋል። ሪፖርቱም ገዢው ድርጅት መሳቢያ ውስጥ መቅረት የለበትም፤ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት የባንግላዴሹ ሕንጻ ራና ፕላዛ ከተደረመሰ በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የባንግላዴሽ አኮርድ (የልብስ ገዢ ድርጅቶችና የሠራተኛ ማኅበራት የፋብሪካ ደኅንነት ስምምነት) የየፋብሪካውን ጉድለት በስም ለሕዝብ ያወጣ ነበር።