ሐረማያ ለጀጎል ጉብኝት ያስፈልጋል ወይስ ያጣብባል?

(ከወሎ ተነስተው ሐረር ሁለት ሌሊት ለሚያድሩ ቤተሰቦች፣ በመንገዱ ላይ ያለው የሐረማያ ሐይቅ በዕቅዱ ይግባ ወይስ ይቅር የሚል ክርክር)

ከደሴ፦

ሐረማያ ይቅር ከሚሉት ነኝ። ሐይቅ ላማረው ሰው ሎጎ ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ግን ሌላ የትም የለም። ግንቡ የከበበው 48 ሄክታር ብቻ ስለሆነ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ይመስላል፤ እዚያ ውስጥ ግን 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች፣ ማለትም የወልዮች መቃብሮች፣ ተጠጋግተው ይገኛሉ። የውስጥ ለውስጡ መንገድ በአብዛኛው መኪና የማያስገባ ቀጭን መተላለፊያ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሸዋ በር ይግቡ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ደርሰው ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ በኩል ወደ ጊድር መጋላ ገበያ ይውረዱ። ከዚያ አንድ ጌይ ጋር፣ የሐረሪዎችን ባህላዊ ቤት፣ ይዩ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። አምስቱ ነደባዎች፣ እርከን የተሠሩት ቀይ መደቦች፣ የተቀማጩን ማዕረግ ስለሚለዩ የት እንደሚቀመጡ ሳይጠይቁ አይቀመጡ። አስጎብኚ ሲይዙ ዋጋውን ለቡድኑ በሙሉ ይነጋገሩ፤ የቤትና የሙዚየም መግቢያ በውስጡ መሆኑንም ያረጋግጡ። ይህን ካልጠየቁ በየበሩ ሒሳብ መጨቃጨቅ ይመጣል።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ቀዝቀዝ ይላል። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ብዙው ሱቅ ይዘጋል። ጠዋቱን ሐይቅ ዳር ያሳለፈ ሰው ታዲያ ጀጎልን መቼ ሊያይ ነው?

ከኮምቦልቻ፦

ወንድሜ ስለ ጠዋቱ ያሉት ልክ ነው፤ አልነካውም። ሐረማያ ግን ጠዋት አይሻማም። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ ወርዶ፣ አዋሽ አድሮ፣ በጭሮ፣ በቁልቢና በደንገጎ ለሚመጣ ሰው ሐይቁ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር መንገዱ ዳር ያገኘዋል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። (ሰኞ አይነሱ፤ የባቲ ገበያ ነው።)

ሎጎ ሐይቅ ይበቃል ለሚሉት ደግሞ፣ እሱን የምናየው ለገዳሙና ለጥልቅ ውሃው ነው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስም ሴት አያስገባም። ሐረማያ የሚታየው በሌላ ምክንያት ነው። ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከዚህ ሐይቅ ነው። ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ሲሳብ፣ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የታጠበው አፈር ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ለከተማዋ ከድሬዳዋ አቅጣጫ የከርሰ ምድር ውሃ ዳገት ተገፍቶ እንዲመጣ ያስገደደው ይህ ነው። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ይዟል፤ የመስኖ ፓምፕ ግን ዛሬም ዳሩ ላይ ይታያል። በጀጎል በር ጀሪካን ተሰልፎ ያየ ሰው ምክንያቱ የሚገባው እዚህ ነው። ግንቡ የጦርን ጊዜ ይነግረናል፤ የአሁኑን የሐረር ጭንቀት ለማወቅ ሐይቁን ማየት ግድ ነው።

ከደሴ፦

ምክንያቱ ያሳምናል፤ ሰዓቱ ግን አያሳምነኝም። ከአዋሽ የተነሳ ቤተሰብ ሐረማያ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ነው። ከፊቱ አወዳይ አለ፤ የጫት ገበያው ሲደራ መንገዱ ይጨናነቃል። ግማሽ ሰዓት ያልነው አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። የሐይቁም ዳር ደለል ነው፤ ደረቅ መስሎ እግር ይውጣል፣ ለልጆች አይመችም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ከግንቡ ውጭ የሚጀመረው የጅብ ምገባም ያመልጣል። ጅቦቹን ያየ ሰው በማግስቱ በግንቡ ግርጌ ያሉትን ዝቅተኛ ቀዳዳዎች ሲያይ ነገሩ ይገባዋል፦ የጎርፍ መውጫና የጅብ መግቢያ ናቸው፤ ጅቡ ሌሊት ገብቶ የከተማውን ጥራጊ ያጸዳል። እኔ ይህንን በደለል አልለውጥም።

ከኮምቦልቻ፦

ደለሉ ላይ እንስማማለን፦ ከአስፋልቱ ብዙ ሳይርቁ፣ ሣር የያዘው ላይ ቆሞ ማየት ነው። ሰዓቱ ከመሸ ደግሞ ማለፍና ለመልሱ ጉዞ ማቆየት ይቻላል። ጠዋት 12 ሰዓት ከሐረር የወጣ፣ አወዳይን ሳይጨናነቅ አልፎ፣ ሐይቁን በጥሩ ብርሃን ያየዋል። ጅቡን በተመለከተ፣ ምገባው በየምሽቱ ነው፤ እርስዎ የሚሉት ቤተሰብም ሁለት ሌሊት ያድራል።