ሪሞቱን ከመግዛታችሁ በፊት ሰንሰለቱን ፍቱ

ድሬዳዋ ውስጥ «ውሻዬ አልታዘዝ አለ» የሚል ሰው አሁን አሁን በሪሞት የሚሠራውን የኤሌክትሪክ የአንገት ቀበቶ ማንሳቱ አይቀርም። ዕቃው እዚያው ከተማ ባለው ታይዋን ገበያ ይገኝ፣ በመንገደኛ ሻንጣ ይምጣ፣ ዘመድ ከውጭ ይላከው፣ ተስፋው አንድ ነው፦ አዝራሩን ሲጫኑት ውሻው ይነዘራል፣ ከተነዘረ ይሰማል። አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ለግቢ ጥበቃ ውሻ ይህ ዕቃ ጨርሶ መገዛት የለበትም። ለሌላውም ውሻ ቢሆን 10 ሜትር ገመድና ለጉርሻ የሚሆን የተቀቀለ ሳንባ በደንብ ሳይሞከር ሊታሰብ አይገባም።

ዕቃው ሁለት ክፍል አለው፤ በእጅ የሚያዘው ሪሞትና አንገት ላይ የሚታሰረው ተቀባይ። ተቀባዩ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አለው፤ በቆዳው በኩል ደግሞ ሁለት አጫጭር የብረት ጫፎች ወጥተውለታል። አዝራሩ ሲጫን በሁለቱ ብረቶች መካከል ባለው ቆዳ እጅግ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ያልፋል። አብዛኞቹ ሦስት ምርጫ ይሰጣሉ፦ ድምፅ፣ እንደ ስልክ መንቀጥቀጥ፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት። የንዝረቱ ኃይል በቁጥር ነው፤ አንዱ ከ1 እስከ 8፣ ሌላው ከ1 እስከ 100። ቁጥሩ ግን ያሳስታል። የአንዱ ፋብሪካ 5 ከሌላው 5 ጋር አይመሳሰልም። በአንዱ ዕቃ ላይ እንኳ የፀጉሩ ውፍረት፣ የቆዳው እርጥበትና የቀበቶው ጥብቀት ስሜቱን ይለዋውጡታል። ደረቅ አንገት ላይ ጆሮ እንኳ ያላስነቃነቀው ቁጥር፣ ውሻው ታጥቦ ሳይደርቅ ቢጫኑት ሊያስጮኸው ይችላል።

ዋናው ችግር ግን ጊዜው ላይ ነው። ውሻ ንዝረቱን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ካየው፣ ከሰማው ወይም ካሸተተው ነገር ጋር ነው። ባለቤቱ «ስላልመጣህ ነው» ብሎ ሲጫን፣ ውሻው በዚያች ሰከንድ የሚያየው የሚያልፈውን ባጃጅ ከሆነ የሚማረው ስለ ባጃጁ ነው። ሰው ሲናደድ ደግሞ ዘግይቶ ይጫናል፤ ውሻው መልሶ መምጣት ከጀመረ በኋላ ይነዝረዋል። ያኔ ውሻው የተቀጣው በመምጣቱ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የሃኖቨር የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ጥናት 14 ቢግል ውሾችን በሦስት ቡድን ከፍሎ ነበር። የመጀመሪያው ቡድን የሚነዘረው አስመሳይ ጥንቸሉን በነካበት ቅጽበት ብቻ ነው። ሁለተኛው ከአደን ሲጠራ እምቢ ባለ ጊዜ፣ ሦስተኛው ደግሞ በዘፈቀደ ይነዘር ነበር። በምራቃቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ሲለካ ከሁሉም የባሰበት በዘፈቀደ የተነዘረው ቡድን ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ሲጠራ ባለመምጣቱ የተነዘረው ነው። እኛ አገር ሰው ቀበቶውን የሚፈልገው ለዚሁ ለሁለተኛው ጉዳይ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት የፖሊስና የጥበቃ ውሾችን ተመልክቷል። በቀበቶ የሠለጠኑት ውሾች ንዝረት በሌለበት፣ መናፈሻ ውስጥ ሲንሸራሸሩ እንኳ፣ አሠልጣኛቸው አጠገባቸው ካለ ፍርሃት ያሳዩ ነበር። እንግሊዝ የሚገኘው የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሥራ 63 ውሾችን አወዳደሩ። ቀበቶውን የያዙት አምራቾቹ ራሳቸው የመረጧቸው አሠልጣኞች ነበሩ። እንዲያም ሆኖ በምግብና በምስጋና የሠለጠኑት ውሾች ለ«ና» እና ለ«ቁጭ» ትእዛዝ የተሻለና የፈጠነ ምላሽ ሰጡ። በባለሙያ እጅ ይህ ከሆነ፣ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣ ሪሞት በሚጫን ሰው እጅ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2010 ቀበቶውን በሕግ የከለከለችው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ግቢያችን እንምጣ። ከዚራም ይሁን ሳቢያን ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ ያለ ውሻ ሥራው በር ላይ ነው። በሩ ሲንኳኳ ይጮኻል፣ ይዘላል። ባለቤቱ ይጫናል። ውሻው የሚያየው የቆመውን እንግዳ ነው፤ ሕመሙም ከዚያ ሰው ጋር ይያያዛል። ይህ አምስት ስድስት ጊዜ ከተደጋገመ ውሻው እንግዳ ሲመጣ ሕመም እንደሚመጣ ያውቃል፤ ስለዚህ ሕመሙ ሳይደርስበት እንግዳውን ለማባረር ይፈጥናል። ከዚህ የከፋው ማጉረምረሙ ሲቀጣ ነው። ማጉረምረምና ጥርስ ማሳየት ውሻው ከመንከሱ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። በንዝረት ማስጠንቀቂያውን ካጠፋችሁበት፣ ፍርሃቱ በውስጡ እንዳለ ሳያጉረመርም የሚነክስ ውሻ በገዛ እጃችሁ ሠራችሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ደግሞ ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ አይድንም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት። የራሳችን ውሻ ነው ብሎ መቆየት አይገባም። ዓመታዊ ክትባት ያልወሰደን ውሻ ሥልጠና ውስጥ ማስገባት ቀርቶ ከጎረቤት ልጅ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ መልቀቅም ልክ አይደለም።

ሐረር ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ማታ ማታ ጅብ እየገባ በሚወጣባት ከተማ ውሻ ሌሊቱን ቢጮኽ ምን ይገርማል? ሰው ግን እንቅልፍ ሲያጣ፣ ውሻው በጮኸ ቁጥር ራሱ የሚነዝረውን ሪሞት አልባ ቀበቶ ይፈልጋል። ርካሾቹ ድምፅ ብቻ የሚሰሙ ስለሆኑ ሌላ ውሻ ሲጮኽም ይነዝራሉ። የጉሮሮን ንቅናቄ የሚለዩትም ቢሆኑ የጩኸቱን ምክንያት አያውቁም። በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ጅብ ሸቶት ማምለጥ አይችልም፤ ያለው አንድ መከላከያ መጮኽ ነው፤ እሱንም በሕመም ትቀሙታላችሁ። መፍትሔው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ከአጥሩ ርቆ፣ በር ባለው ጠንካራ ቤት ውስጥ ማሳደር ነው። ጅቡን ካላየው ጩኸቱ ይቀንሳል። ሥጋና አጥንት ግቢ ውስጥ አለማሳደርም ይረዳል።

ለመሆኑ «እልኸኛ» የሚባለው ውሻ ማን ነው? በአብዛኛው ቀኑን ሙሉ በሁለት ሜትር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ነው። ሲፈታ የሚሮጠው ስለናቃችሁ ሳይሆን በሳምንት አንዴ የሚያገኘው ሩጫ ስለሆነ ነው። ከተመለሰ እንደሚታሰር ያውቃል፤ ታዲያ ለምን ይምጣ? ቤተሰቡም ያደናግረዋል፤ አባት «ና» ይለዋል፣ ልጆቹ በኦሮምኛ «ኮቱ» ይሉታል፣ ዘበኛው ያፏጭለታል። ሙቀትም አለ። ድሬዳዋ በቀትር የሚያለከልክ ውሻ ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ እየታገለ ስለሆነ ትእዛዝ የመስማት አቅም የለውም። ሕመምንም አትርሱ፤ በጆሮ ቁስል ወይም በመዥገር በሚተላለፍ ትኩሳት የተያዘ ውሻ ድንገት «እምቢተኛ» ይሆናል። ትናንት ሲታዘዝ የነበረ ውሻ ዛሬ ካልሰማ መጀመሪያ የሚሄደው የእንስሳት ሐኪም ጋ ነው።

ስለዚህ ሥራው ከሰንሰለቱ ይጀምር። ቢያንስ 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ ጥላና ውኃ ያለው የሽቦ አጥር ሥሩለት። ያ ካልተቻለ በሁለት ግድግዳ መካከል ሽቦ ወጥራችሁ ሰንሰለቱ በቀለበት እንዲንሸራተት አድርጉ። ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይራመድ። ብዙ «እልኸኛ» ውሻ እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ይመለሳል።

ቀጥሎ ገመዱ። 10 ሜትር፣ የትንሽ ጣት ያህል ውፍረት ያለው የጥጥ ገመድ ይሁን፤ ቀጭን ናይለን እጅ ይልጣል። አንገቱ ላይ ሳይሆን ደረቱን በሚያቅፍ ማሰሪያ ላይ ይታሰር፤ ሮጦ ገመዱ ሲያልቅ አንገቱ እንዳይጎዳ። ጉርሻው ከሥጋ ቤት የተገዛ ሳንባ ሆኖ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀቅሎ በጥፍር መጠን ይከተፍ። ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ግን ውስጣቸው ያለው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ውሻውን በትል ይበክላል፣ ከውሻው ዓይነ ምድር ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል። መቀቀሉን እንዳትዘሉ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ሜትር ርቀት፣ አምስት አምስት ደቂቃ በቀን ሦስቴ። ሁሉም ቤተሰብ የሚጠቀምበትን አንድ ቃል ምረጡ። ቃሉን አንዴ ብቻ በሉ። ሲመጣ ወዲያውኑ አጉርሱት። ካልመጣ አትድገሙ፤ ገመዱን ሳትጎትቱ ቀስ እያላችሁ ሰብስቡ፣ ሲደርስ አመስግኑት። ከአሥሩ ዘጠኙን ከመጣ ወደ አምስት ሜትር፣ ከዚያ ወደ አሥር እለፉ። ከመጣባቸው አምስት ጊዜያት አራቱን መልሳችሁ ልቀቁት። ይህን የማያደርግ ሰው ሥልጠናውን በራሱ እጅ ያፈርሳል፤ ውሻው የሚጠራው ለመታሰር ወይም ለመታጠብ ብቻ ከሆነ ቃሉ ማስፈራሪያ ይሆናል።

ግቢ ውስጥ ከጸና በኋላ ወደ ውጭ። በበጋ የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለዚህ ምቹ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ፍየልና አህያም ስለሚያልፍበት ውሻው ፈተናውን ያገኛል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሩ፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። የእጃችሁን ጀርባ መሬቱ ላይ አድርጋችሁ ሰባት ሰከንድ ካልቻላችሁ መዳፉ ይቃጠላል። በክረምት ግን ወደዚያ አትሂዱ፤ ድሬዳዋ ላይ ሳይዘንብ ከበላይዋ ደንገጎ ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 የደረሰውን የሚረሳ የለም። ፍየሎቹን መጀመሪያ ከ50 ሜትር ያሳዩት። እያየ ሲጠራ ከተመለሰ በየቀኑ ጥቂት ሜትር ቅረቡ። ፍጥጥ ብሎ ጉርሻውን ካልወሰደ በጣም ቀርባችኋልና ወደ ኋላ ተመለሱ።

ይህን ሁሉ ለሁለትና ሦስት ወራት በታማኝነት ሠርቶ፣ ውሻው አሁንም መንጋ እያባረረ በእረኞች ሊገደል የደረሰበት ሰው ሊኖር ይችላል። ለእሱ እንኳ ምክሬ ገመዱን አለመፍታት ነው። የግድ ቀበቶውን እጠቀማለሁ ካለ ግን ቢያንስ ጉዳቱን ይቀንስ። ከስድስት ወር በታች ላለ ቡችላ፣ ለእርጉዝ፣ ለታመመ፣ ለፈሪ ወይም ለተናካሽ ውሻ ፈጽሞ አይሁን። መጀመሪያ ብረቶቹን በራሱ ክንድ ላይ ይሞክር። ቀበቶው አንድ ጣት ብቻ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ከላላ አንዴ ይነዝራል አንዴ ይስታል፣ ባለቤቱም «አልሠራም» ብሎ ቁጥሩን ሲጨምር በሚቀጥለው ሙሉ ኃይሉ ይደርስበታል። ቁጥሩ ከ1 ተነስቶ ውሻው ጆሮውን ባነቃነቀበት ላይ ይቁም፤ ከጮኸ ወይም ጭራውን ከሸጎጠ አልፏል። ሁለት ውሻ ካለ ሪሞቱ ሁለቱን አንድ ላይ አለመንዘሩን ያረጋግጥ። ጣት ቢረሳ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱን የማያጠፋ ዕቃ አይግዛ።

ቀበቶው ከሥልጠናው ሰዓት ውጭ አንገት ላይ አይቆይ። ቀኑን ሙሉ የሚጫኑት ብረቶች ቆዳውን ደም ያሳጡታል፣ ሥጋው ይሞታል፣ ሁለት ክብ ቁስሎች ይወጣሉ። ሰው ኤሌክትሪኩ ያቃጠለው ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የግፊት ቁስል ነው። በእኛ አቧራና ዝንብ ቁስሉ በጥቂት ቀናት ትል ሊያወጣ ይችላል።

ቀበቶውን አስቀድሞ የጀመራችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ማውለቅ ትችላላችሁ። አንገቱን ፀጉሩን ገልጣችሁ እዩ፤ ቁስል ካለ ሐኪም ይየው። ስትጠሩበት የነበረውን ቃል ጣሉትና አዲስ ቃል ምረጡ፤ አሮጌው ከሕመም ጋር ታስሯል። ከዚያ ከሁለት ሜትር፣ ግቢ ውስጥ፣ በገመድና በሳንባ እንደ አዲስ ጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎንበስ ብሎ፣ ከንፈሩን እየላሰ፣ ዳር ዳሩን ዞሮ ቢመጣ አትቆጡት፣ አንገቱንም ለመያዝ እጅ አትዘርጉ። ጉርሻውን መሬት ላይ አስቀምጡለትና ወደ ጎን ዞራችሁ ቁሙ።