«ኮንደንሰር ኮንደንሰር ነው» አትበሉኝ

ደሜ ፈልቷል። ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የ433 ሜጋኸርዟ የሬዲዮ ቦርድ ዛሬም አበደች። አምፕሊፋየሩ ምንም ሳይገባለት ራሱ ሲግናል ያመነጫል። የፓወር መስመሩ ላይ ያለው ኮንደንሰር (ካፓሲተር) 104 ብቻ ነዋ፣ ማለትም 100 ናኖፋራድ! 101፣ ማለትም 100 ፒኮፋራድ፣ እናድርግበት ብዬ ስወተውት ነው የከረምኩት።

ጋሼ ሰው ሁሉ ባለበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አንቺ ልጅ፣ 104 ከ101 በስንት ይበልጣል?»

«በሺህ እጥፍ፣ ጋሼ። ግን...»

«ታዲያ ትልቁ እያለ ትንሹ ምን ያደርግልሻል?»

ሳቁ። ሻይ ይዞ የገባው ልጅ እንኳ ሳቀ! «ድግግሞሹ እኮ...» ስል፣ «ኮንደንሰር ኮንደንሰር ነው! ቲዎሪሽን ለፈተና አስቀምጪው» ብሎኝ ወጣ።

እሺ፣ እዚያ ያላስጨረሰኝን እዚህ ልጨርሰው። ንጹህ ካፓሲተር ያለው ወረቀት ላይ ነው። እውነተኛው ዕቃ ኢንዳክታንስም (ድግግሞሽ ሲጨምር ሲግናልን ይበልጥ የሚያግድ ባሕርይ) አለው። 0603ዋ (ትንሿ የቺፕ ሳይዝ) ቦርድ ላይ ስትበየድ 1 ናኖሄንሪ ያህል ይኑራት እንበል። የ104 ሬዞናንስ፣ ካፓሲተርነቱና ኢንዳክተርነቱ የሚሰራረዙበት ድግግሞሽ፣ 16 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ኢንዳክተር ነው፣ በቃ! 433 ላይ 2.7 ኦም ሆኖ ይገተራል፤ ኦሙ ባነሰ ቁጥር ነው እኮ ሲግናሉ ወደ ግራውንድ የሚፈስልን። በዚያችው 1 ናኖሄንሪ 101 ሬዞናንሱ 500 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። 433 ላይ ወደ 1 ኦም ይወርድልኛል። ትንሹ የሚያደርግልኝ ይሄን ነው ጋሼ!

104 ይጣል አላልኩም። ጎን ለጎን ከሆኑ ግን አንዱ ኢንዳክተር፣ አንዱ ካፓሲተር ሆነው መሃል ላይ ሌላ ሬዞናንስ ይፈጥራሉ፤ እዚያ ላይ ከሁለቱም የባሰ ነው። ስለዚህ 101 ቺፑ እግር ስር ትቀመጥ፣ 104 ከፌራይት ቢዱ (ከፍተኛ ድግግሞሽ ከሚያግደው ዕቃ) ወዲያ ይሁን አልኩ። ማን ሰምቶኝ።

ጋሼ ያደገው በመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ነው። 1 ሜጋኸርዝ ላይ 104 አንደኛ ነው፣ አልክድም። እኛ ግን ያለነው 433 ላይ ነው!

ባለፈው ደግሞ ዲስክ ሴራሚኩን (ባለሽቦ እግሩን ኮንደንሰር) እግሩን ሳያሳጥር በየደልኝ። አንድ ሚሊሜትር እግር 1 ናኖሄንሪ ገደማ ይጨምራል እኮ። የተንዘላዘለ እግር ይዞ ምኑን ግራውንድ ሊያደርግ ነው?

መሳቢያውንማ ተዉት። ትንንሾቹ ሴራሚኮች ላይ ምንም አይጻፍም። የሆነ ሰው ከነጽሑፉ የነበረውን ቴፕ ጥሎ ሁሉንም አንድ ጣሳ ውስጥ ገለበጣቸው። አሁን እየለቀምኩ በሜትር ልለካ ነው።

መርካቶ ወርጄ 101 አላችሁ ስል፣ «እህቴ 104 ውሰጂ፣ ሁሉም የሚወስደው እሱን ነው» ተባልኩ። እዚያም!

ደከመኝ። ነገ ማንንም ሳልጠይቅ በራሴ ብር ገዝቼ እበይደዋለሁ። 101፣ ኤንፒኦ (በሙቀት የማይለዋወጠው ሴራሚክ)፣ ሳይዙ 0603 ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ዛሬ ማታም ቢሆን መጥቼ እወስዳለሁ።