የእህቴ መዳፍ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ የሚባለውን ፊልም አይተኸዋል? ክላሲክ ነው ይሉታል። አንዳንዱ ደግሞ ሰው ያሳምማል ይላል። ልየው?» ትንሽ ቆይቶ ሌላ መልእክት ገባ። «ለእማዬ እንዳትነግራት።» ልጁ 19 ዓመት ሞልቶታል።

ሳቄ መጣ፤ በእሱ ሳይሆን በእናቱ። ልጆች ሆነን ቴሌቪዥኑ ላይ ሽጉጥ ከተመዘዘ፣ ወይም ወንድና ሴት ጠጋ ጠጋ ካሉ፣ የእህቴ መዳፍ ዓይኔ ላይ ነው። ሳሙና ሳሙና የሚል ሞቃት መዳፍ። በጣቶቿ መሃል አጮልቄ እንደማይ ታውቃለች፤ እንዳላወቀች ትሆናለች። የቤታችን ሳንሱር ይኸው ነበር። ዛሬ ልጇ እሷን ዘሎ፣ ባሕር ማዶ ያለሁትን እኔን ፈቃድ ይጠይቃል።

የሚገርመው፣ የጠየቀኝ ፊልም ትልቁ ትዕይንት የእህቴ መዳፍ ግልባጭ መሆኑ ነው። አሌክስ የሚባል ጎረምሳ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ማታ ማታ ይደበድባል፣ ይዘርፋል፣ ሴት ይደፍራል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ቤትሆቨንን እየሰማ ይተኛል። አንድ ቀን ሰው ገድሎ እስር ቤት ይገባል። ቶሎ ለመፈታት ሲል መንግሥት ለጀመረው አዲስ «ሕክምና» ይፈርማል። ወንበር ላይ ጠፍረው፣ የዓይኑን ቆብ በብረት ቆንጥጠው ከፍተው፣ የሚያቅለሸልሽ መድኃኒት ወግተው የግፍ ፊልም በላይ በላዩ ያሳዩታል። ሲጨርሱ ክፉ ነገር ለማድረግ ገና ሲያስብ ሆዱ ይገለበጣል። ጥሩ ሰው ሆነ ማለት ነው? የእስር ቤቱ ቄስ ይቃወማል፤ መምረጥ ያልቻለ ሰው ምኑን ሰው ሆነ ባይ ነው። የዋናው ተዋናይ የማልኮም ማክዶውል ዓይን በዚያ ትዕይንት ቀረጻ ላይ የእውነት ተጭሯል። አጠገቡ ቆሞ ጠብታ የሚያንጠባጥብለት ሰውዬም የእውነት ሐኪም ነበር።

እኔ ያየሁት እዚሁ ለንደን፣ ቆየት ያሉ ፊልሞች የሚያሳይ ሲኒማ ውስጥ ነው። አገር ቤት ፊልም ስናይ ዝም ብለን አናይም። «ከኋላህ ነው!» እንላለን፤ «በለው!» እንላለን። የሚመራን አንድ እምነት አለ፤ አክተሩ አይሞትም፣ አክተሩ የሚመታው የሚገባውን ነው። እዚህ ፊልም ላይ ግን አክተሩ ራሱ ነው ግፈኛው። ፊልሙን ከአፉ የምንሰማው እሱን ነው፤ «ወንድሞቼ» እያለ ያዋራናል፣ ያስቀናል። ከተያዘ በኋላ ደግሞ ስናዝንለት ራሳችንን እንይዘዋለን። «በለው» የለመደ አፍ ምን ይበል? እኔ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አዳራሹም እንደ መቃብር ጸጥ ብሏል።

አሌክስና ጓደኞቹ የአንድ ደራሲ ቤት የሚገቡበት ትዕይንት ደረሰ። በሩ አጠገብ «ቤት» የሚል የበራ ምልክት አለ። አሌክስ ባልየውን እየረገጠ፣ ሚስትየው ላይ እየተዘጋጀ፣ ከአንድ የድሮ የደስታ ፊልም የተወሰደ የዝናብ ዘፈን ያንጎራጉራል፤ ይደንሳል። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ መደነስ ትችል እንደሁ ቢለው ማክዶውል ቃሉን የሚያውቀውን ዘፈን አወጣ፤ በዚያው ቀረ። ከፊቴ የነበሩ አሮጊት ኮታቸውን ሰብስበው ተነሡ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። አገር ቤት ቢሆን ግማሹ አዳራሽ «እማማ፣ ምነው? አመመዎት?» ይላቸው ነበር። እዚህ የአንድ ሰው መውጣት የራሱ ጉዳይ ነው። ያኔ ክብር መሰለኝ፤ አሁን አሁን እጠራጠራለሁ።

ደም ፍለጋ የሚያየው ሰው ቅር ይለዋል። ደሙ ከዛሬ ፊልሞች አንጻር ኢምንት ነው። የሚያሳምመው ዳንሱ ነው፤ የግፉ ማማር ነው። ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ የጻፈውን የአንቶኒ በርጀስን ታሪክ ሳነብ ደግሞ ትዕይንቱ ጭራሽ ሌላ ሆነብኝ። እ.ኤ.አ. በ1944፣ ለንደን በጦርነቱ ምክንያት መብራት አጥፍታ በምታድርበት ዘመን፣ የገዛ ሚስቱን ከጦር የከዱ የአሜሪካ ወታደሮች ደብድበዋታል። መጽሐፉ በ1962 ወጣ። እዚያ ውስጥ ሚስቱ የምትደፈርበት ሰውዬም ደራሲ ነው፤ የሚጽፈው መጽሐፍ ርዕስም ያው «ክሎክወርክ ኦሬንጅ» ነው፤ ላዩ ብርቱካን፣ ውስጡ እንደ ሰዓት በቁልፍ የሚሽከረከር ማሽን። በርጀስ የራሱን ቁስል ጻፈና ተራኪነቱን ለአጥቂው ሰጠው። እኔ ብሆን አላደርገውም። እንዴት እንዳደረገውም እስካሁን አልገባኝም።

እዚህ አገር ፊልሙ ሲነሣ «መንግሥት አግዶት ነበር» የማይልህ የለም። አላገደውም። የብሪታንያ ፊልም መርማሪዎች ሳይቆርጡ አሳልፈውታል። በ1972 ሲኒማ ቤት ገባ፤ ጋዜጦቹ ጎረምሳ ሰው በደበደበ ቁጥር በፊልሙ ያሳብቡ ጀመር፤ ኩብሪክና ቤተሰቡ የዛቻ መልእክት ይደርሳቸው ነበር። በ1973 ኩብሪክ ራሱ አከፋፋዩን ዋርነር ብራዘርስን ለምኖ ፊልሙን ከብሪታንያ አስነሣው። እሱ በ1999 እስኪሞት ድረስ አልተመለሰም፤ በ2000 ነው ዳግም የታየው። የሠራው ሰው በገዛ እጁ የሚኖርበትን አገር ሰው ዓይን ሸፈነ። ይሄን ሳውቅ ትዝ ያለችኝ እህቴ ናት።

አሁን ፊልሙ እንደ ልብ ይገኛል። ሽፋኑ ላይ ቀይ ክብ ውስጥ 18 የሚል ቁጥር ተለጥፏል፤ ነጮቹ ጉዳዩን በዚያ ዘግተውታል። ቁጥሯ ሥርዓት ናት፣ አልጠላትም። ግን በጣቶችህ መሃል አጮልቀህ ስታይ አታይህም፤ ካየህ በኋላ አጠገብህ ተቀምጣ «በል ተው፣ ፊልም እኮ ነው» አትልህም።

ለልጁ መልስ ልጽፍ ስል ከዚህ በፊት የላከልኝን ነገር ወደ ላይ እየሄድኩ አየሁት። ቀልድ፣ ኳስ፣ ከዚያ መሃል አንድ ቪዲዮ፤ ሰው መንገድ ላይ ሲደበደብ፣ የእውነት፣ ካሜራውን የያዘው ሰው እየሳቀ። የቤተሰቡ ግሩፕ ላይም ተለጥፎ ነበር፤ እህቴም አይታዋለች። ያንን «ልየው?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቁጥር አልተለጠፈበትም፤ መዳፍም አልመጣም። እኔም ብሆን ሥራ ቦታ ምሳዬን እየበላሁ አይቼ ወደሚቀጥለው አልፌያለሁ። የዚያ ፊልም ትዕይንት ግን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስለዚህ «አትየው» የምልበት አፍ አጣሁ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «እየው። ግን በስልክ አትየው፣ ለብቻህም አትየው፣ ከሚስቁ ጓደኞችህ ጋር ደግሞ በጭራሽ። ካስጠላህ አቁመው፤ ክላሲክ ስለሆነ ብቻ መጨረስ ዕዳ የለብህም። አንድ ነገር ደግሞ እወቅ። መጽሐፉ 21 ምዕራፍ አለው፤ በመጨረሻው ላይ አሌክስ አድጎ ግፉ ራሱ ይሰለቸዋል፣ ልጅ መውለድ ያምረዋል። የአሜሪካው አሳታሚ ያንን ምዕራፍ ቆርጦ ጣለው፤ ፊልሙም ያለ እሱ ነው የሚያልቀው።»

ለሦስት ቀን ዝም አለኝ። ቅዳሜ ማታ መልስ መጣ። «ጋሼ፣ ዘፈኑ ጋ ስደርስ አቆምኩት። እማዬ ከኋላዬ ቆማ ነበር ለካ፣ አላየኋትም። ዓይኔን አልሸፈነችኝም። ቁጭ አለችና ‹ልጅቷስ ምን ሆነች?› አለችኝ። ምን ልበላት?»