ከኢስተርን አቬኑ ወዲህና ወዲያ

ሳይፈራረሙ አብሮ መኖር ትዳር ይሆናል ወይ የሚለው ክርክር የተነሳው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቶናው እንደቀረበ ነው። ጋሼ፣ "ሰባት ዓመት አብረው ከኖሩ በቃ፣ መንግሥት ራሱ ባልና ሚስት ይላቸዋል" አሉ። ታክስ የምትሠራው ሴት ስኒዋን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ይሄ ሰባት ዓመት የትኛውም ስቴት ሕግ ውስጥ የለም።"

"አሥራ ሁለት ዓመት የኖሩትስ?"

"የት?"

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ቢኖሩ፣ በመኖር ብቻ ባልና ሚስት አይሆኑም። ቨርጂኒያም እንደዚያው። ድንበሩን ኢስተርን አቬኑን ተሻግረው ዲሲ ቢኖሩ ግን ላይሰንስ (የጋብቻ ፈቃድ) ሳያወጡም ሊሆኑ ይችላሉ። ዲሲ የጸናውን ትዳር ደግሞ ሁለቱም ጎረቤቶች ይቀበሉታል።

"ዲሲ ታዲያ ስንት ዓመት ይላል?"

"ዓመት አይቆጥርም። ለመጋባት የሚከለክላቸው የሌለ ሁለት ሰዎች 'ባልና ሚስት ነን' ተባብለው፣ ከዚያ እንደዚያው ሆነው መኖር አለባቸው። 'ወደፊት እንጋባለን' ከተባለ አይሠራም።" (አማርኛችን "እንጋባለን" ሲል ዛሬም ነገም ይሆናል፤ ዳኛ ፊት አስተርጓሚ ላይ የሚያመጣውን ጣጣ አስቡት።)

ሾፌሩ ቴክሳስን አነሳ። እዚያ መስማማት፣ እዚያው አብሮ መኖር፣ ለሰውም ባልና ሚስት ነን ማለት፤ ሦስቱም ሊሟሉ ይገባል። ካውንቲ ክለርክ (የአካባቢው መዝገብ ቤት ኃላፊ) ጋ ሄዶ ማስመዝገብም ይቻላል። ከተለያዩ በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ ክስ ካልተጀመረ፣ ስምምነቱ አልነበረም ተብሎ ይገመታል።

ወጣቱ "ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውስ?" ሲል ጋሼ "ይሄን ቡና ላይ አታንሳብን" አሉ። እሷ ግን ቀጠለች። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በመላው አሜሪካ ካስፈቀደው ከ2015ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ደንቡ ለእነሱም ያው ነው። ኮሎራዶ በ2021፣ ከዚያ ውሳኔ በፊት የተመሠረተም የእነሱ ያለ ላይሰንስ ትዳር ሊጸና ይችላል ብላለች። የ2022ቱ የፌዴራል ሕግ ሌላ ነገር ነው፤ ስቴቶች በሌላ ስቴት የተፈጸመውን እንዲቀበሉ ያስገድዳል፣ ላይሰንስ እንዲሰጡ ግን አያስገድድም።

ጋሼ እጅ አልሰጡም። "አገራችን ሦስት ዓመት ይበቃል!" የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ እውነትም 3 ዓመት ይላል። ግን ያለ ጋብቻ አብረው ሲኖሩ ያፈሩትን ንብረት የጋራ ያደርገዋል እንጂ አንዱን የሌላው ወራሽ አያደርገውም።

በሕጉ እሷ ትክክል ነበረች። "ዲሲ የሚኖር ሰው ስለ ወረቀት አይጨነቅ" ያለችው ላይ ግን አልስማማም። ጥያቄው የሚመጣው አንዱ ሲሞት ነው፤ ቃሉን የሰማው ምስክር ያኔ መቃብር ውስጥ ነው። ለሟች ባል ወይም ሚስት አበል የሚከፍለው ሶሻል ሴኩሪቲ በቅድሚያ የሚፈልገው በሕይወት ያለው ሰው የፈረመበትን ቃልና ከሟች የሥጋ ዘመዶች የሁለቱን ነው፤ እነዚያው ዘመዶች ደግሞ ብዙ ጊዜ በቤቱ የሚሟገቱት ናቸው። በዚያ ላይ አሥር ዓመት ሙሉ "ሲንግል" (ያላገባ) እያሉ ፋይል ያደረጉት ታክስ ይወጣል። ተለያይተው ከሆነም ያለ ፍርድ ቤት ፍቺ ሌላ ማግባት ሁለት ትዳር መያዝ ነው፤ የመጀመሪያው ወረቀት አልነበረውም ማለት አያድንም። ሜሪላንድ ላይሰንስ ካወጡ ግን የሚጠብቁት ሁለት ቀን ገደማ ነው።