«አንድም ቦምብ ጣይ አልወደቀባቸውም» ስለተባለው

ወንድሜ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተዋጉ ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች ስለሚተርከው «ሬድ ቴይልስ» ፊልም የጻፍከው ደስ ይላል። የአየር ላይ ውጊያው ያምራል፣ ንግግሩ ግን ይጎረብጣል ያልከው ልክ ነው። አንዷን ነገር ግን እናርማት። አሜሪካ ውስጥ ተስኪጊ በምትባል ከተማ የሠለጠኑት እነዚህ አብራሪዎች ካጀቧቸው ቦምብ ጣዮች አንድም በጠላት አውሮፕላን ተመቶ አልወደቀም ብለሃል። ይህ በ1945 እ.ኤ.አ.፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ እስከ ዛሬ የሚደጋገም ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል የታሪክ ባለሙያዎች መዝገቡን ሲያገላብጡ ቢያንስ 27 መውደቃቸውን አገኙ። በዚያው የአየር ዕዝ ሥር የነበሩት ሌሎቹ አጃቢ ቡድኖች ግን እያንዳንዳቸው በአማካይ 46 ወድቀውባቸው ነበር! ታዲያ እውነቱ መች አነሰና ነው የሚጋነነው?

ሌላው፣ ፊልሙ የሕይወት ታሪክ አይደለም። የአብራሪዎቹ ቡድን እውነተኛ ቢሆንም ገጸ ባሕርያቱ ፈጠራ ናቸው። ትልቁ ድክመቱም እዚህ ላይ ይመስለኛል። እውነተኛ ሰው ሞልቶ ሳለ ምን ቸገራቸው?

ለምሳሌ ተስኪጊ የተማረው ጆን ሮቢንሰን አለልህ። ጣሊያን በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴያችንን በቦምብ በደበደበበት ጦርነት ለኢትዮጵያ ይበር የነበረ አሜሪካዊ ነው። ለእኛ ለወሎዎች የእሱ ፊልም ቢሠራልን ይሻለን ነበር።